የተፋጠነ የበረራ ትምህርትና ተጨማሪ ሬቲንግ፤ የሚያጥረው ምንድር ነው? የማያጥረውስ?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ የቡ በወረድሁ ማግስት አጎቴ አስጠራኝ። ከቤቱ ስደርስ ቡና ተፈልቶ፥ ጎረቤት ተሰብስቦ፥ የአጎቴ ልጅ ጅማ ድረስ ሄዶ ያሳተመው ባለ አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁ። «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ነህና አንብበህ አስረዳን» አለኝ። ወረቀቱ በባሕር ማዶ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ነበር። ከዚህ በፊት የአይሮፕላን በር እንኳ ያልነካ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የንግድ አብራሪ ፈቃድ፥ በመሣሪያ የመብረር ሬቲንግና ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን የማብረር ሬቲንግ ሦስቱንም ይዞ ይወጣል ይላል። ዋጋው ሲሰላ አጎቴ ከአባቱ የወረሰው የቡና መሬት ከነዛፉ ተሸጦ የሚከፈል ሆኖ ተገኘ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የአየር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ያን ቀን የረባ መልስ መስጠት አልቻልሁም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ መሬቱን ሊሸጥ ሲነሣ «አላውቅም» ብሎ መቀመጥ ስላሳፈረኝ፥ ከተመለስሁ በኋላ ጉዳዩን ለሁለት ወር ያህል አጠናሁት። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው የእኔ አጎት ልጅ ብቻ ስላልሆነ፥ ያገኘሁትን ለእናንተ ለጓደኞቼ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

፩ኛ/ ፈቃድና ሬቲንግ

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ፈቃድ ማለት አንድ ሰው በምን ደረጃ እንዲበር እንደተፈቀደለት የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መሠረታዊ ደንብ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ ትምህርቱ በጸደቀ ሥርዓት በተከታታይ ከተሰጠ 35 ሰዓት ይበቃል። ለንግድ አብራሪ 200 ሰዓት፥ በጸደቀ ሥርዓት ግን 150 ሰዓት ነው። በትልልቅ አይሮፕላን ላይ አዛዥ ለመሆን የሚያበቃው የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል።

ሬቲንግ ደግሞ በፈቃዱ ላይ የሚጨመር ማረጋገጫ ነው። ፈቃድን በቤት፥ ሬቲንግን በቤቱ ላይ በሚቀጠል ክፍል ልንመስለው እንችላለን። በደመና ውስጥ ውጭውን ሳያዩ መሣሪያ ብቻ እያነበቡ ለመብረር አንድ ሬቲንግ አለ። ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ለማብረር ሌላ አለ። በውሃ ላይ ለማረፍም እንዲሁ። ትልልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖችማ እያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ሬቲንግ ይሻል።

የተጨማሪ ሬቲንግ ትምህርት አጭር መሆኑ በራሱ ማታለል አይደለም። ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ ደንብ መሠረት ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን የሚያበር የንግድ አብራሪ ባለ ሁለት ሞተር ለመጨመር ሲፈልግ ይህን ያህል ሰዓት መማር አለበት የሚል ቁጥር አልተቀመጠበትም፤ አዲስ የጽሑፍ ፈተናም የለበትም። አስተማሪው በቅቷል ብሎ ሲፈርምለት በአየር ላይ ይፈተናል፥ ካለፈ ይጨመርለታል። ብዙ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ይህ የሚቻለው ማንሣት፥ ማሳረፍ፥ አየሩን ማንበብ፥ ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር መነጋገር ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። የቅጥያው ክፍል በሳምንት የሚሠራው የቤቱ መሠረት በዓመት ስለተሠራ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያች አጭር ትምህርት ውስጥ ያለው ቁም ነገር ቀላል እንዳይመስለን። ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ በዝግታ በሚበሩበት ጊዜ ቢጠፋ፥ የሚሠራው ሞተር አይሮፕላኑን ወደ ጠፋው ወገን ያዞረዋል። አብራሪው ይህን የሚመክተው በጅራቱ ላይ ባለው መሪ ነው። መሪው ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከሚነፍስበት አየር ነውና፥ ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ መሪው ይረታል፤ አይሮፕላኑም ይገለበጣል። እንግዲህ ሁለተኛው ሞተር ሕይወት አዳኝም ገዳይም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ ያ አጭር ትምህርት በእጅና በእግር ውስጥ መግባቱ ወይም አለመግባቱ ነው።

፪ኛ/ የሚፋጠነው ምንድር ነው?

የየቡ ልጅ ነኝና በቡና ልመስል። ቀይ እሸት ከተለቀመ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እንዳለ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ነው፤ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጃል። ሁለተኛው ተፈልፍሎ፥ በገንዳ ተቀምጦ፥ ታጥቦ መሰጣት ነው፤ ይህኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። የታጠበው ቀኑ አጠረ እንጂ ሥራው አላጠረም፤ እንዲያውም ማሽን፥ ብዙ ውሃ፥ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻም ሁለቱም የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፍሬው በበቂ ደርቋል ወይ? የሚል ነው። ሳይደርቅ በጆንያ የገባ ቡና፥ የታጠበም ይሁን ጀንፈል፥ ይሻግታል።

የበረራ ትምህርትም እንደዚሁ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ የሚበር ተማሪ 40 ሰዓቱን ለመሙላት ከዘጠኝ ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ያለፈውን ሳምንት የረሳውን ለማስታወስ የሚያጠፋው ጊዜም በላዩ ይጨመራል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚበር ተማሪ ግን ያንኑ ሰዓት በአንድ ወር ሊጨርስ ይችላል። በዚህ በኩል መፋጠን ጥቅም አለው፤ እጅ ሳይቀዘቅዝ መማር ወጪም ይቆጥባል። ታጥቦ እንደሚዘጋጀው ቡና ሁሉ ግን ብዙ አይሮፕላን፥ ብዙ አስተማሪና ብርቱ ክትትል ይጠይቃል። በአሜሪካ አንድ አስተማሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዳያስተምር በደንብ ተከልክሏል። የደከመ መምህር የደከመ ተማሪ ያፈራልና።

የማይፋጠነው ሌላው ነው። እንቅልፍ አይፋጠንም፤ አእምሮ የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። የአየር ጠባይም አይፋጠንም፤ በአንድ ደረቅ ወር ውስጥ ብቻ የተማረ ሰው ክረምትን አያውቅም። ዳኝነትም አይፋጠንም። ዳኝነት የምለው «ዛሬ አልነሣም፥ አየሩ ከእኔ ይበልጣል» ብሎ የመመለስ ችሎታን ነው። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የሚለመደው ግን አንድ ሁለት ጊዜ ፈርቶ በመመለስ ነው።

፫ኛ/ የአገራችን ልምድ

በአገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፥ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 18 ቀን 1929 ነው። በተከታዩ ዓመት በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አብራሪዎች ሆነው ተመሰከረላቸው። እነዚህ ሰዎች አይሮፕላን በአገሩ በታየ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ መብረራቸው፥ ኢትዮጵያዊ ቶሎ መማር ይችላል ወይ? ለሚል ጥያቄ በቂ መልስ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የመሩት ቡድን በቢሾፍቱ የአየር ኃይልን የበረራ ትምህርት አቋቋመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1945 ተመሥርቶ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ከተከፈቱት የአገር ውስጥ መሥመሮች አንዷ የእኛዋ ጅማ ናት። በዚያን ጊዜ መሪዎቹን የያዙት ግን ቲ.ደብሊው.ኤ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገው ውል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ የሆኑት በ1957፥ ማለት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የከፈተው ደግሞ በ1964 ነው።

እንግዲህ ዝግታ ሁሉ ጥንቃቄ ነው ማለት አይቻልም። እነዚያን 11 ዓመታት አንዳንዱ ጥንቃቄ፥ አንዳንዱ የቀረ ዕድል ሊላቸው ይችላል። እኔ ሁለቱም አሉበት እላለሁ። ትምህርት ቤቱ በአገር ውስጥ ከተከፈተ በኋላ ግን ከኢትዮጵያም አልፎ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች አብራሪ እስከ ማፍራት ደረሰ። በ2015 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። ወደ በረራ ከመግባቷ በፊት ያጠናችው አርክቴክቸር እንደ ነበር ለእኛ ለሌላ ፋኩልቲ ተማሪዎች ማስታወሱ አይከፋም።

፬ኛ/ የእኛ አየር ሌላ ነው

ማስታወቂያው ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ የተፋጠነ ትምህርት የሚሰጡ ቦታዎች በባሕር ጠረፍ ወይም በሜዳማ አገር፥ ፀሐይ በማይጠፋበት ሥፍራ የተተከሉ ናቸው። ለትምህርቱ መልካም ነው፤ ቀን አይባክንም። ነገር ግን የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የጅማም ወደ 1,700 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ በመሆኑ ተራ የፒስተን ሞተር በቦሌ ከፍታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፉም በስስ አየር ላይ ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን ስላለበት የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል። ቀኑ ሞቃት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከላይ የተናገርሁለት ባለ ሁለት ሞተርማ፥ ቀላል ከሆነና ሞተሩ በተርቦ ካልታገዘ፥ በአንድ ሞተር በዚህ ከፍታ ጨርሶ ሽቅብ ላይወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሞተር የሚጠቅመው የሚያርፉበትን ሥፍራ ለመምረጥ ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የጅማ ዙሪያ ተራራ ነው፤ ዝናቡም ከብዙው የአገራችን ክፍል የረዘመ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያገኘውን ሬቲንግ ይዞ የሚመጣ ወጣት ወረቀቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አገሩን ግን እንደ አዲስ መማር አለበት። ወረቀቱም ቢሆን በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ታይቶ ካልጸደቀ ወይም ካልተለወጠ በኢትዮጵያ አይሮፕላን ላይ አያሠራም።

፭ኛ/ በሰዓት ቁጥር ብቻ መፍረድ

«እንግዲያው ብዙ ሰዓት የበረረ ይሻላል፥ ነገሩ አለቀ» የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በየካቲት 2009 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት ከ2013 ጀምሮ በዚያ አገር በመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ በመሠረቱ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። የሚገርመው ግን በወደቀው አይሮፕላን ላይ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። የጎደለው የሰዓት ብዛት አልነበረም፤ አይሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ መደረግ ያለበት ነገር ተገላቢጦሽ ነው የተደረገው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ የቅርብ ቁስል ነው። መጋቢት 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ነፍስ ጠፋ። ወዲያው በባሕር ማዶ አንዳንዶች ጣታቸውን በረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ላይ ቀሰሩ። አዛዡ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ግን ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ያለቁበት ተመሳሳይ አይሮፕላንም በእነዚህ ልጆች እጅ አልነበረም።

ምርመራው ያሳየው ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ቦይንግ 737 ማክስ የተባለውን አዲስ አይሮፕላን ሲሸጥ ከቀደመው 737 ጋር አንድ ዓይነት ሬቲንግ እንዲኖረው አደረገ። የቀድሞውን የሚያበር ሰው አዲሱን ለማብረር በሲሙሌተር መሠልጠን አላስፈለገውም፤ በኮምፒውተር የሚከታተለው አጭር ትምህርት በቃው። ለገዢዎች ወጪ የሚቀንስ ነገር ነበር። ነገር ግን ኤምካስ የሚባለው፥ በአንድ መለኪያ ብቻ ተመርቶ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው አዲስ ሥርዓት፥ በአብራሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። መለኪያው ሲሳሳት ሥርዓቱ ደጋግሞ ገፋ። በጥር 2021 ኩባንያው ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት፥ ሁለት ባለሙያዎቹ ስለዚህ ሥርዓት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት እንዳሳሳቱ አምኗል። አይሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ፥ በኅዳር 2020፥ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ሆነ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው? አጭር ተጨማሪ ትምህርት እውነተኛ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛው ከሥሩ ያለው መሠረት የጸና ሲሆን፥ ሁለተኛው የተጨመረው ነገር ሙሉ በሙሉ ሲነገር ነው። ሁለተኛው ከጎደለ 8,000 ሰዓትም አያድንም።

፮ኛ/ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአጎቴ ልጅ ጽፌ የላክሁለት ይህ ነው፤ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ እደግመዋለሁ።

ሀ/ ከሁሉ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአብራሪ የጤና ምርመራ ማድረግ። ዓይን፥ ጆሮ ወይም ልብ የማይፈቅድ ከሆነ መሬት ከተሸጠ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ለ/ ትምህርት ቤቱን ያጸደቀው የትኛው መንግሥት ነው? ፈቃዱስ በአገራችን ለመለወጥ ምን ይጎድለዋል? መልሱ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ይጠየቅ።

ሐ/ የተጻፈው ዋጋ በደንቡ ዝቅተኛ ሰዓት የተሰላ ነው ወይስ ተማሪዎች በእርግጥ በሚጨርሱበት? ዝቅተኛው ሰዓት የሚፈቀደው ወለል ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ያ ትርፍ ሰዓት በማን ኪስ ይከፈላል?

መ/ ለስንት ተማሪ ስንት አይሮፕላንና ስንት አስተማሪ አለ? አይሮፕላኑ ቢበላሽ ወይም አየሩ ቢከፋ የጠፋው ሳምንት የማን ነው?

ሠ/ ፈተናውን ቢወድቅስ? ቢያቋርጥስ? የቀረው ገንዘብ ይመለሳል ወይ? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ይቆጠር።

ረ/ ከፈቃዱ በኋላ ማን ይቀጥረዋል? አዲስ የንግድ አብራሪ 200 ሰዓት ይዞ ብቻውን የአየር መንገድን በር አያስከፍትም። በአገራችን የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት፥ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የተባለው፥ ለአየር መንገዱ የሚመለምላቸውን በፈተና ይቀበላል። ስለዚህ ያ በር አስቀድሞ ይንኳኳ።

መደምደሚያ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት ጠቅሼ ጽሑፌን ብዘጋ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ከተረቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቢቸኩልም የማያፈስ አለ፤ ቢዘገይም የሚያፈስ አለ። ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠኝ አጎቴ ነው። ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ በስልክ ሳስረዳው ዝም ብሎ አዳመጠኝና፥ «ልጄ፥ እኔ ቡና ስገዛ በስንት ቀን ደረቀ ብዬ አልጠይቅም። ፍሬውን እነክሰዋለሁ። ይህን ልጅስ የሚነክሰው ማን ነው?» አለኝ።

ከዚህ የበለጠ ጥያቄ በየትኛውም ወረቀት ላይ አላገኘሁም። ቀኑም ሰዓቱም መለኪያ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ታማኝ ፈታኝ አጠገቡ ተቀምጦ፥ ሞተር አጥፍቶ፥ ደመና ውስጥ አስገብቶ፥ «ይህ ልጅ ደርቋል» ወይም «ገና እርጥብ ነው» ማለት አለበት። እርጥብ ነው የማይል ትምህርት ቤት የትም ይሁን የት አይታመንም።

የአጎቴ መሬት እስካሁን አልተሸጠም። ከዘንድሮው ለቀማ ጥቂት ተሽጦ ለልጁ የጤና ምርመራ ወጪ ሆኗል። ውጤቱ መልካም ነው። አሁን አዲስ አበባ ሄዶ ለመግቢያው ፈተና ሒሳብና ፊዚክስ እያጠና ነው፤ የባሕር ማዶውም ወረቀት ገና አልተጣለም፥ ከጥያቄዎቹ ጋር ለትምህርት ቤቱ ተልኮ መልሱ እየተጠበቀ ነው።